ሰማዩ የጠራ ለታ

በየዓመቱ መስቀል ሰሞን የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋውን ትንበያ ሲያወጣ አንድ ማሳሰቢያ አይቀርም። በደጋማ አካባቢዎች የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ እየበረታ እንደሚሄድ፣ በአንዳንድ ቦታዎችም ዝቅተኛው የሙቀት መጠን ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እንደሚወርድ ይናገራል። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ሙዝ የሚያስጭን ነጋዴ ይህን በሬዲዮ ቢሰማ ስለ ሌላ አገር የሚወራ ይመስለዋል። ከዚያው ከተማ በላይ ባለው ተራራ፣ ዲታ ወይም ቦንኬ ላይ ገብስ የዘራ ገበሬ ግን የዓመት ቀለቡ እዚያች አጭር ማሳሰቢያ ውስጥ አለ። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ማሳሰቢያዋን ከማሳው ጋር እንዴት ማገናኘት እንደሚቻል ለማሳየት ነው። የሚነገረው ስለ አንድ ሰፊ አካባቢ ነው፤ ውርጭ የሚመታው ግን ማሳ መርጦ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት የሚችለው እዚያው ቦታ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው።

ከፍታውን እናስቀድም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ራስጌ ትገኛለች። ጨንቻ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት። የጉጌ ተራራ ጫፍ 4,200 ሜትር ይደርሳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከአርባ ምንጭ ጨንቻ የሚወጣ ሰው በአንድ የጠዋት ጉዞ 9 ዲግሪ ያህል፣ ጉጌ ጫፍ የሚደርስ ሰው ደግሞ ወደ 19 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያልፋል። ከቆላ እስከ ውርጭ ያለው የአገራችን የአየር ጠባይ በሙሉ በአንድ ዞን፣ በጋሞ፣ ውስጥ ተደራርቦ ይገኛል ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ከሁሉ በተሻለ የሚያሳዩት ሁለት ዘመዳሞች ናቸው። ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ሙዝ ገና ውርጭ በሌለበት፣ የሙቀቱ መጠን 13 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል፤ ስለዚህ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ይኖራል። እንሰት ተራራውን ወጥቶ ውርጭ በሚጎበኘው ደጋ የቤተሰብ ምግብ ሆኗል። አንድ ተጨማሪ ነገር ልናገር፤ ውርጭ በማያውቃት በአርባ ምንጭ ከተማ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሜትሮሎጂ ሳይንስ ያስተምራል። ውርጭ የሚተነብዩ ወጣቶች ትምህርታቸውን እየተከታተሉ ቀና ሲሉ ውርጭ የሚወድቅበትን ተራራ ያያሉ። ለዚህ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይታየኝም።

አሁን ወደ ውርጩ አፈጣጠር እንግባ። ብዙ ሰው ውርጭን ከሌላ ቦታ ነፍሶ የሚመጣ ብርድ አድርጎ ያስባል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ እንዲህ ያለ አለ፤ ከዋልታው አቅጣጫ የተነሳ ቀዝቃዛ አየር አገር ያለብሳል። የእኛ ደጋ ውርጭ ግን ከየትም አይመጣም። እዚያው ማሳው ላይ፣ በዚያችው ሌሊት ይሠራል።

መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በዓይን በማይታይ ጨረር መልሳ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ከዚህ ጨረር አብዛኛውን ተቀብሎ መልሶ ወደ መሬት ይልከዋል፤ የዶርዜ ሸማኔ የሠራው ጋቢ ለለበሰው ሰው የሚያደርገውን ደመና ለማሳው ያደርጋል። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበትም ባይታይም በመጠኑ ይህንኑ ሥራ ያግዛል። ሰማዩ ከጠራና አየሩ ከደረቀ ግን ሙቀቱ የሚይዘው አያገኝም። ነፋስ ቢኖር ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያደባልቀው ነበር፤ ነፋሱ ጸጥ ካለ ሣሩና ቅጠሉ ብቻቸውን ይቀዘቅዛሉ፤ የነካቸውም አየር አብሯቸው ይቀዘቅዛል። እንዲህ እያለ እስከ ንጋት ይቀጥላል። ከሌሊቱ ሁሉ ቀዝቃዛዋ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ወይም ገና ብቅ እንዳለች ነው።

የጥቅምትና የኅዳር ቀን ሞቃት ሆኖ ሌሊቱ የሚያንቀጠቅጠው በዚህ ምክንያት ነው። በሐምሌ ደጋው ላይ ቀኑን ሙሉ ጉምና ዝናብ ስላለ ሰው ብርዱን ከክረምት ጋር ያያይዘዋል፤ ውርጭ ግን የክረምት ልጅ አይደለም። ቀን ፀሐይዋን ያለ ከልካይ የሚያስገባው ጥርት ያለ ሰማይ ሌሊት ሙቀቱን ያለ ከልካይ ያስወጣዋል። የሌሊቱ ርዝመትም በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር አይደለም። በጋሞ ኬክሮስ የታኅሣሥ ሌሊት ከ12 ሰዓት የሚበልጠው በሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ ግን የዚያው ወር ሌሊት ከ15 ሰዓት ያልፋል። እዚያ ውርጭን የሚያመጣው የፀሐይ መድከም ነው። እዚህ የሚያመጣው የደመና መሄድ ነው። ይህን የጨበጠ ሰው ማስጠንቀቂያውን ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ታዲያ ውኃ የሚረጋው በ0 ዲግሪ ከሆነ ትንበያው ስለ 5 ዲግሪ የሚጨነቀው ለምንድን ነው? መልሱ ቴርሞሜትሩ ከተቀመጠበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። በሜትሮሎጂ ጣቢያ ቴርሞሜትሩ በነጭ ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት በላይ ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ይሰቀላል። የድንች ቅጠል ያለው ከዚያ በታች፣ ሰማይ በቀጥታ በሚያየው ቦታ ነው። ጸጥ ባለ፣ ጥርት ባለ ሌሊት ሣሩ ላይ ያለው ሙቀት ሳጥኑ ውስጥ ካለው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ በትንበያ 5 ዲግሪ ሲባል የደጋ ገበሬ መስማት ያለበት «ማሳዬ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል» የሚለውን ነው። 3 ሲባል ውርጭ ይጠብቅ። 0 ከተባለማ ጉዳዩ የቅጠል ብቻ ሳይሆን የግንድም ሊሆን ይችላል። ይህ ቀላል ቅናሽ በትንበያው ውስጥ ስለማይነገር ብዙ ሰው «5 ዲግሪ ነው አሉን፤ እኛ ግን በረዶ አየን» እያለ ትንበያውን ማመን ይተዋል። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ የተለካው የተለያየ ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛው የሚያሳስተው ነገር ከፍታ ብቻውን ሁሉን የሚወስን መምሰሉ ነው። ሐሮማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጨንቻ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሆኖም የበጋ ወራት የሜትሮሎጂ ዘገባዎች ላይ ከደብረ ብርሃንና ከመሐል ሜዳ ጎን ሐሮማያ ከዜሮ በታች የወረደባት ጣቢያ ሆና ደጋግማ ትነሳለች። ደብረ ብርሃንስ ከፍታዋ አለ፤ ሐሮማያን ምን አገኛት? ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። ሌሊት በየተዳፋቱ የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ይወርድና ዙሪያውን ከፍ ያለ መሬት በከበበው ሜዳ ላይ ይተኛል። ሐሮማያ እንዲህ ያለ ረባዳ ላይ ያለች፣ በበጋ አየሯ የሚደርቅ ቦታ ናት።

ጋሞ ደጋ ላይም ይኸው ሕግ በትንሽ በትንሹ በየሸንተረሩ ይሠራል። የወንዝ ዳር መስክና በሁለት ጉብታ መካከል ያለው ገንዳ መሬት ቀድመው ይመታሉ፤ ገደሉ ወገብ ላይ ያለው ማሳ ያው ሌሊት ምንም ሳይሆን ሊያድር ይችላል። ጥቅጥቅ ያለ የቀርከሃ አጥር ተዳፋቱን አግድሞ ከተተከለ ወደ ታች የሚወርደውን ቀዝቃዛ አየር ያግደውና ከአጥሩ በላይ ያለውን ሰብል ያስመታል። ከታች በኩል ክፍተት መተው ይረዳል፤ አየሩ ያልፋል። እንሰት ቤቱን ከቦ፣ ዛፍ ሥር፣ የከብት ፍግ በሚደፋበት ጓሮ መተከሉም ከውርጭ አንፃር ጥሩ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዛፉ ከሰማይ ይጋርደዋል፤ ቤቱና የበለጸገው አፈር ሙቀት ያቀብሉታል። ይህን ሁሉ የዞኑ ትንበያ ሊያውቅ አይችልም። በጋሞ ደጋ አንድ ቀበሌ ውስጥ የሚበላለጠው ቅዝቃዜ ትንበያው በሁለት ወረዳዎች መካከል ከሚያሳየው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

ጊዜውስ? በአበው አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የዝናቡ ቀበቶ በመስከረም ወደ ደቡብ ሲሸሽና ከዓረቢያ በኩል የሚነሳው ደረቅ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲገባ የውርጭ ወቅት በጥቅምት ይከፈታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይበረታል፤ በጥር ቀስ እያለ ይለቃል። ጋሞ ግን መካከል ቤት ናት። የደቡቡና የደቡብ ምሥራቁ አገር፣ ማለትም ቦረና፣ ኮንሶና ደቡብ ኦሞ፣ ሁለተኛ ዝናቡን የሚያገኘው ልክ በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ ነው፤ አርባ ምንጭም የዚያ ዝናብ ድርሻ አላት። ያ ደመና የጋሞን ተራሮች እስከሸፈነ ድረስ ደብረ ብርሃን ላይ ሣሩ በነጣ ሌሊት ጨንቻ ላይ ጉም ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጋሞ የመስቀል በዓል፣ ዮ መስቀላ፣ አልፎ የጨንቻ ሰው የሰሜኑን የውርጭ ዜና ሲሰማ መዘጋጀት አለበት፤ መደናገጥ ግን የለበትም። የእርሱ ወቅት የሚጀምረው የራሱ ዝናብ ሲቆርጥ ነው። በአብዛኛው ይህ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ከቆረጠ ጥቅምት ላይም ሊሆን ይችላል።

ቀኑ በየዓመቱ የሚንሸራተተውም በዚሁ ደመና ምክንያት ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ኤል ኒኞ ሲነሳ ወይም የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሞቅ፣ የደቡቡ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ የመብዛት ዝንባሌ አለው፤ እንደ 2012 እና 2016 ዓ.ም. የመፀው ወራት። እንዲህ ያለ ዓመት ሰብል በመበስበስና በጎርፍ ይፈተናል፤ ውርጭ ግን ይዘገያል። የኤል ኒኞ ተቃራኒ የሆነው ላ ኒኛ ሲሆን በጋው ይደርቃል፤ ሰማዩ ቶሎ ይጠራል፤ የውርጭ ሌሊቶች ይበዛሉ። እንግዲህ በሬዲዮ «ዘንድሮ በጋው ከመደበኛ በላይ ደረቅ ይሆናል» ሲባል የሚሰማ የደጋ ገበሬ የዝናብ ዜና ብቻ አልሰማም። የውርጭ ዜናም ሰምቷል፤ ማንም በዚያ ስም ባይጠራለትም።

ውርጭ የሚጎዳው ግን ሰብሉ ያለበትን ዕድሜ አይቶ ነው። ገብስ በቅጠልነቱ ጥቂት ዲግሪ ከዜሮ በታች ቢወርድም ይችላል፤ ሲያብብና ወተት ሲይዝ ግን አንድ ሁለት ዲግሪ ከዜሮ በታች ዛላውን ባዶ ያስቀረዋል። ባቄላም አበባ ላይ ሲሆን ያው ነው። ድንች 2 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ሲሆን ቅጠሉ ይጠቁራል። የጨንቻ ፖም ነገሩ ጠለቅ ይላል፤ ፖም ብርድ ካላገኘ በቅጡ አያብብም፤ ደጋው ለፖም የተመቸውም በዚሁ ብርዱ ነው። የፈካ አበባ ግን 2 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን ከ10 አንዱ፣ 4 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን ከ10 ዘጠኙ ይሞታል። በሐሩር ደጋዎች ፖም አምራቾች ቅጠሉን በእጅ አርግፈው የሚያብብበትን ጊዜ ራሳቸው ይወስናሉ፤ ያ ውሳኔ የውርጭ ወቅትን ካላገናዘበ ልፋቱ በአንድ ማለዳ ይጠፋል። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያም እዚህ ላይ ነው። የመኸር ገብስ ሳይዘገይ ከተዘራ ውርጩ ሲመጣ እህሉ ደርቋል፤ በሁለትና ሦስት ሳምንት ከዘገየ ውርጩ ወተት ላይ ያገኘዋል። የውርጭ ጉዳት ግማሹ ሐምሌ ላይ ይወሰናል ብል አላጋነንኩም።

ባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከዚህ የተለየ ሥርዓት ያጋጥማቸዋል፤ ማነጻጸሩ የእኛን ለመረዳት ይጠቅማል። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያውን በደረጃ ይከፍላል፤ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ሁለት ዲግሪ አካባቢ ሲጠበቅ የውርጭ ማሳሰቢያ፣ ከዜሮ በታች መውረዱ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሲያሰጋ ቅድመ ጥንቃቄ፣ መውረዱ ሲቃረብ ደግሞ ዋና ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ዴንቨር ጓሮው ውስጥ ቃሪያና ጎመን የተከለ ሰው የመጀመሪያውን ውርጭ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ይጠብቃል፤ ዋሽንግተን ከተማ መሐል ያለው እስከ ኅዳር ሊቆይለት ይችላል። እዚያ ከባዱ ውርጭ አንዴ ከመታ በኋላ ማስጠንቀቂያው ይቆማል፤ ማሳ ላይ የሚጠበቅ ነገር ስለማይቀር እስከ ፀደይ ድረስ አይወጣም። የእኛ ደጋ ግን በታኅሣሥም በጥርም ማሳው ባዶ አይሆንም። እንሰቱ ቆሟል፤ በመስኖ የተተከለ ድንችና ጎመን አለ። ለእኛ የመጀመሪያው ውርጭ የወቅቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም፤ ማስጠንቀቂያውም እስከ ጥር መዝለቅ አለበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ ትንበያ በወቅት፣ በወር፣ በአሥር ቀንና በየዕለቱ ይወጣል። የወቅቱ ትንበያ የሚጠቅመው ለአዝመራ ዕቅድ ነው፤ የትኛው ሌሊት ውርጭ እንደሚወድቅ ሊናገር አይችልም፤ ከእርሱ ቀን መጠየቅም ልክ አይደለም። የአሥር ቀኑ ትንበያ የትኛው ሰሞን ደረቅና ጥርት ያለ እንደሚሆን ይናገራል፤ ድንች የሚያወጣ ወይም ገብስ የሚያጭድ ሰው ማተኮር ያለበት እዚህ ላይ ነው። የዕለቱን ትንበያ ደግሞ ማሳው ላይ ቆሞ በራስ ዓይን ማሟላት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ነበር፤ ፀሐይ ስትገባ ቀጥ አለ? ከዋክብት ያለ ጭጋግ ቁልጭ ብለው ይታያሉ? ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሣሩ በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ውርጭ ይመጣል ብሎ መነሳት ነው። የጤዛውን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ጤዛ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ ስለዚህ አመሻሹ ላይ የረጠበ ሣር ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል። አየሩ በጣም ከደረቀ ግን ጤዛም አመዳይም ሳይታይ ቅጠሉ ከውስጥ ይረጋል። ጠዋት ምንም ነጭ ነገር የለም፤ ቀትር ላይ ግን ማሳው ጠቁሮ ይገኛል።

በዚያች ሌሊት ምን ማድረግ ይቻላል? ውኃ ባለበት ቀደም ብሎ፣ ቀን ላይ ማሳውን ማጠጣት ከሁሉ ይሻላል፤ የረጠበ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ የቀን ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊትም ይለቀዋል። በዚያ ሳምንት አፈሩን በኩትኳቶ ማላላት ጥሩ አይደለም፤ የላላ አፈር በአየር የተሞላ ስለሆነ ሙቀት ከታች አያስወጣም። ችግኝን ማታ በእንሰት ቅጠል ወይም በሣር መሸፈንና ጠዋት ማንሳት የተፈተነ ዘዴ ነው። በጭስ ላይ ግን ብዙ ተስፋ ባይጣል እመርጣለሁ። የጭስ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ መሬት የምትለቀውን የሙቀት ጨረር እንደ ደመና አያግድም። ከእሳቱ የሚገኘው ሙቀት ጥቂት ይረዳል፤ ትናንሽ እሳቶች በብዙ ቦታ ቢነዱ ደግሞ ከአንድ ትልቅ እሳት ይሻላሉ፤ ትልቁ ሙቀቱን ይዞት ወደ ላይ ያመልጣል። ለከብት የሚሆን ጭድ ለዚህ ሲነድ ማየት ግን ያሳዝነኛል።

ውርጩ ከመታ በኋላ ያለው ማለዳ የችኮላ ጊዜ አይደለም። የእንሰት ቅጠል ቢጠወልግና ቢቃጠልም እምብርቱ በቅጠል ግንዶቹ ተጠቅልሎ፣ አሚቾውም አፈር ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል፤ አዲስ ቅጠል ከመሐል ስለሚወጣ የሞተው ቅጠል ይቆረጣል እንጂ ተክሉ አይነቀልም። ድንችም ገና ወጣት ከሆነ ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ሥር ያለው ድንች አብጦ ለመውጣት የተቃረበ ከሆነ ግን ቅጠሉ የሞተበት ድንች ስለማይጨምር ሳይቆይ ማውጣት ይሻላል። ገብሱን ለማየት ሳምንት ያህል ጠብቆ ከማሳው ረባዳ ክፍልና ከወገቡ ለየብቻ ጥቂት ዛላ ቆርጦ ፍሬውን መጭመቅ ነው፤ ወተቱ ከቀጠለ ማሳው ተርፏል፤ ፍሬው ተጨማዶ ከደረቀ ያ ክፍል ሳይበላሽ ለከብት ይታጨዳል። እንደ ሐሮማያ አካባቢ ማሽላ በሚበቅልበት አገር ግን ጥንቃቄ አለ፤ ውርጭ የመታው ለጋ ማሽላ መርዝ ስለሚያበዛ በዚያው ሰሞን ለከብት አይሰጥም፤ ታጭዶ በደንብ እስኪደርቅ ይቆያል።